ስም የሌለው ዕቃ

ጣሊያንኛ አትችሉም? ልብ አላላችሁትም እንጂ ትችላላችሁ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ... ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ተቀምጦ ሲባረር የጋራዡን ቋንቋ ጥሎልን ሄዷል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ መኪና ሥር ተንጋልሎ የሚሠራው ልጅ ዛሬም "ካቻቢቴ አቀብለኝ" ነው የሚለው።

ከዚህ ተነስተን አንድ ነገር ታዘብን። የመኪና ዕቃ ዕድሜው በስሙ ይታወቃል። ቀድሞ የመጣው ጣሊያንኛ ይናገራል፤ ዘግይቶ የመጣው እንግሊዝኛ፦ ኤር ባግ፣ ሴንሰር፣ ሲት ቤልት። አንድ ዕቃ ግን የጋራዥ ስም ሳይወጣለት መኪናችን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ፈረንጆቹ ፕሪቴንሽነር ይሉታል። ግጭት ሲደርስ የደህንነት ቀበቶውን በቅጽበት ስቦ ሰውየውን ከወንበሩ ጋር የሚያጣብቀው እሱ ነው። እኛ ለዛሬ "ቀበቶ ሳቢ" ብለነዋል፤ የተሻለ ያለው ያምጣ። ስም የሌለውን ዕቃ ማን ይጠይቃል? ማንም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

መንገዱ ሲቀድም

የጉራጌ አገር ከመኪና ጋር ያለው ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሕዝቡ የኪስ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። በዚያው ዘመን ከዓለምገና ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራትም ሌላ የሕዝብ ማኅበር ነበር። ሰው ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ በራሱ ገንዘብ ጠረገ ማለት ነው። ዛሬ ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ቡታጅራ፣ በአዲሱ አከላለል የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ፣ 130 ገደማ። መስቀል ሲደርስ ሁለቱም መንገዶች ቤተሰብ በጫነ መኪና ይሞላሉ።

በዚያ መንገድ ላይ ለረጅም ዘመን የሄዱት መኪኖች ግልጽ ነበሩ። ኮሮላ ዲኤክስን አስቡት። የተበላሸው ይፈታል፣ ይጠረጋል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይገጠማል። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ሁለት ሽቦና አንድ አምፖል ይዞ መብራት መድረሱን መፈተሽ ይበቃል። መካኒኮቻችን በዚህ ትምህርት ቤት አድገው ጎበዝ ሆኑ።

ቀበቶው ባሩድ ሲታጠቅ

ዛሬ የምናውቀውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን ነው። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾችም ክፍት አደረገው። ቀበቶው ግን አንድ ድክመት ነበረበት፤ ይላላል። ወፍራም ጃኬት የለበሰ ወይም ተንጋሎ የተቀመጠ ሰው፣ ቀበቶው እስኪይዘው ድረስ ወደ ፊት ይወረወራል።

እ.ኤ.አ. በ1981 መርሴዲስ በኤስ ክላስ መኪናው ላይ ኤር ባግንና ቀበቶ ሳቢን አብሮ አመጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሴንሰሩ ግጭት ሲሰማው ኮምፒውተሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል። በቀበቶው መጠቅለያ ወይም በመቆለፊያው ውስጥ ያለች ባሩድ መሰል ተቀጣጣይ ትፈነዳለች። የሚወጣው ጋዝ ቀበቶውን ይስበዋል። ይህ ሁሉ ዓይን ተጨፍኖ ከመገለጡ በፊት ያልቃል። አንዴ ከፈነዳ ግን አለቀለት፤ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ዕቃው በትናንሾቹ የጃፓን መኪኖችም ገባ። እነሱን ደግሞ ያገለገሉ ሆነው እኛ ገዛናቸው።

ቢጫው ሶኬት

አሁን ሰዎች ወደሚሳሳቱበት እንግባ። ቁልፍ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ የኤር ባግ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ይጠፋል፤ ጤና ነው። ካልጠፋ ሲስተሙ ታሟል። ያኔ ኮምፒውተሩ አንዱ መስመር ቢበላሽ ሌላውንም ሊያስቆም ይችላል።

ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ትንሽ ነው። ከፊት ወንበር ሥር ቢጫ ሶኬት አለ። ወንበር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገፋ ሽቦው ይሳባል። ላቫጆ ውኃ ያስገባበታል፣ አቧራ ይቀመጥበታል፣ ከወንበር ሥር የተወሸቀ ጀሪካን ይገፋዋል። ሶኬቱ ትንሽ ላላ ወይም ዛገ ማለት ሬዚስታንሱ ጨመረ ማለት ነው። ጤናማው 2 ኦም አካባቢ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ያቺን ጭማሪ አይታገስም።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። መጀመሪያ ኮዱ በስካነር ይነበባል። ቁልፍ ይጠፋል፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፣ አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ ይጠበቃል፤ ኮምፒውተሩ ያጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ። ከዚያ ሶኬቱ ይታያል፣ ይጸዳል፣ ጠበቅ ተደርጎ ይሰካል። ካልሆነ በቀበቶ ሳቢው ቦታ 2 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር ለጊዜው ይገባል። ጥፋቱ ከጠፋ የታመመው ቀበቶ ሳቢው ነው። ካልጠፋ ሽቦው ወይም ኮምፒውተሩ።

የድሮው ሙያ አደጋ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በዲኤክስ ላይ ጎበዝ ያሰኘው የአምፖል ፍተሻ ቀበቶ ሳቢው ላይ ቢደረግ ሊያፈነዳው ይችላል። በተራ ቴስተር ሬዚስታንሱን መለካትም ክልክል ነው። ሌሎች ሁለት "ጥገናዎች" ደግሞ አሉ። አንዱ የዳሽቦርዱን አምፖል መንቀል። ሁለተኛው ለፍተሻ የገባችውን ሬዚስተር እዚያው መተው። መብራቱ ይጠፋል፣ ባለመኪናው አመስግኖ ይከፍላል፣ ቀበቶ ሳቢው ግን የለም። ከሶማሌ ተራ የተገዛ አሮጌ ቀበቶም ከተገጨ መኪና ከወጣ ቀድሞውኑ ፈንድቶ ሊሆን ይችላል።

ሕጉም ቢሆን ይህን አያይም። ቀበቶ ማሰር በሕግ ሲጠበቅብን፣ ስንቱ ሾፌር ቀበቶውን ሳይቆልፍ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ትራፊክ እንደሚያልፍ እናውቃለን። ትራፊክ የሚያየው ጨርቁን ነው። ከጨርቁ ጀርባ ያለውን የሚያየው መካኒኩ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ስም ያስፈለገው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ የሚመጣው ኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ሽቦውም ሶኬቱም ከዚህ ይበዛል። ካንዴላ የሚለው ቃል እንኳ ጡረታ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ የኤር ባግ መብራት በርቶባችሁ ጋራዥ ስትሄዱ "አጥፋልኝ" አትበሉ። "ኮዱ ምን ይላል? ቀበቶ ሳቢው ደህና ነው?" በሉ። አባቶቻችን ለመንገዱ ከኪሳቸው ከፍለዋል። የቀረን በመንገዱ ላይ በሰላም መድረስ ነው።