ኢንተርኩለር ቁልቁለት አያውቅም

ከላላና መካነ ሰላም ባቡር አይገባም። ቆርቆሮው፣ ስኳሩ፣ ማዳበሪያው የሚመጣው በጭነት መኪና ነው። ስለዚህ የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከነገሥታቱ ቀጥሎ የመኪናውን ሞተር ከፍቶ ቢያይ አይከስርም ባይ ነኝ። እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ቢሆንም የተማርኩት ምህንድስና ነውና ከአየሩ ልጀምር።

ናፍጣ ያለ አየር አይነድም። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሲሊንደሩ አንዴ ሲስብ የሚያገኘው አየር ባሕር ዳር ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። አሰብ ላይ 200 ፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ደጋ ሲደርስ 150 አካባቢ ይቀረዋል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ይህን ዕዳ ዝም ብለው ይከፍሉ ነበር። የጣሊያን ጦር በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው በመኪና ሰልፍ ነው። የዚያ ዘመኗ ትሬንታ ኳትሮ፣ ማለትም ፊያት 634፣ ከ8 ሊትር በላይ ሞተር ይዛ ጉልበቷ 80 ፈረስ ገደማ ነበር። በኋላ የመጣችው ኤንትሬ፣ ፊያት 682 ኤን 3፣ በ11.5 ሊትር ሞተር 200 አካባቢ ደረሰች። ሁለቱም ተርቦ የላቸውም፤ ሰማዩ የሰጣቸውን አየር ብቻ ይስባሉ። ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ እያቃሰቱ ሲወጡ ረዳቱ ታኮ ይዞ ቢከተላቸው ይደርስባቸዋል። ግን ቀላል ነበሩ፤ የሚበላሸው ነገር ትንሽ ነው።

መፍትሔው ቀድሞ ታስቦ ነበር። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. በከንቱ በሚወጣው ጭስ ተርባይን እያዞሩ አየርን ወደ ሞተሩ የመግፋት ሐሳቡን አስመዘገበ። ተርቦ ማለት ይኸው ነው። ችግሩ ግን አየር ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ ነፍታችሁ ከሆነ ፓምፑ እንዴት እንደሚግል ታውቃላችሁ። ተርቦ የአየሩን ግፊት እጥፍ ሲያደርግ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ይሰፋል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባውም ያንሳል። ኢንተርኩለር ይህን አየር የሚያበርድ ራዲያተር ነው። ወደ 50 ዲግሪ ካወረደው እዚያው ሲሊንደር ውስጥ 20 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ አየር ይገባል። የኔዘርላንዱ ዳፍ በ1973 እ.ኤ.አ. ይህንን በጭነት መኪኖቹ ላይ ገጠመ።

እኛ ዘንድ ነገሩ በደንብ የገባን በሲኖትራክ ይመስለኛል። በሩ ላይ 371 ተብሎ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበቱ ነው፤ ሞተሩ ግን 9.7 ሊትር ብቻ ነው። ከኤንትሬ ያነሰ ሞተር፣ እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት!

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ይህ ሁሉ ትርፍ ጉልበት ያለው ሾፌሩ ናፍጣ እስከሰጠ ድረስ ብቻ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ትኩስ ጭስ የለም፣ ተርቦው ይፈዛል፣ ኢንተርኩለሩም የሚያበርደው ነገር አያገኝም። ያኔ ሞተሩ መኪናውን የሚይዘው በሲሊንደሩ ስፋት፣ በዙሩ ፍጥነትና በጭስ ማውጫው ፍሬን ነው። ስፋቱ ደግሞ ከድሮው አንሷል፤ ጭነቱ ግን ጨምሯል።

ሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ሲወጣለት ብዙ ሰው ፍጥነቱንና ሾፌሩን ወቀሰ። ድካምም፣ ከልክ ያለፈ ጭነትም ድርሻ አላቸው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ አገር ሾፌሮች ዘንድ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚል የቆየ ምክር አለ። ለኤንትሬ ትክክል ነበር፤ በከባድ ማርሽ ስለምትወጣ በዚያው ትወርዳለች። ባለ ኢንተርኩለሩ ግን ያንኑ ዳገት በቀላል ማርሽ ይወጣዋል። በዚያው ማርሽ ከወረደ የሚይዘው የፍሬን ሸራው ብቻ ነው፣ ሸራ ደግሞ ይግላል፤ ከጋለ በኋላ አይዝም።

ስለዚህ ባለ 371ን የሚነዳ ሰው ቁልቁለቱ አናት ላይ ሲደርስ ማርሹን መምረጥ ያለበት ዳገቱን በወጣበት ሳይሆን በጫነው ልክ ነው።