ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

ታሪክ፥ ጂኦግራፊና ግብረ ገብ በአንድነት ሲታዩ የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት ይባላሉ። የዚህም ትምህርት ዓላማ ተማሪው የተወለደበትንና የሚያገለግለውን ኅብረተሰብ መርምሮ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ይኸው ትምህርት ሩቅ አገርን ለተማሪው ያሳየውን ያህል የገዛ አውራጃውን አላሳየውም። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የመጽሐፍ እጥረት ነው። ነገሩን ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን መጽሐፍ በነበረ ጊዜም እንኳ ወደ ክፍል የሚገባበት በር ሳይከፈትለት እንደ ቀረ ይታያል።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ከሁሉ በላይ ቦታ የተሰጠው ለቋንቋ ነበር። መንግሥቱ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ተነጋግሮ ጉዳይ የሚጨርስ ሰው ስለ ነበረ፥ ይህ የሚያስገርም አይደለም። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ፈረንሳይኛን ዋና ቋንቋው አድርጎ ተነሣ። የጠላት ወረራ እነዚህን ጅምሮች ስላቋረጣቸው፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በትክክል የተደራጀው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው።

በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተቋቋሙ። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ፤ ከመምህራኑም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ተማሪዎቹ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ይዘጋጁ ስለ ነበር፥ የታሪኩና የጂኦግራፊው ትምህርት የተቀረጸው በዚያ ፈተና ልክ ነው። በዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም። ፈተናው ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችን በር ከፍቷል፤ አገሪቱም በዚያን ጊዜ የራስዋ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም። ነገር ግን ፈተና የሚጠይቀው ይጠናል፥ የማይጠይቀው ይቀራል። ለንደን ስለ ርስትና ስለ ጉልት አትጠይቅም ነበር።

ስለ ርስትና ስለ ጉልት የሚናገር ጽሑፍ ግን አልጠፋም። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የመንግሥቱን ሥርዐት፥ የመሬቱን ዐይነትና የግብሩን አከፋፈል በሰፊው ሰብስበው አቅርበዋል። ገብረ ወልድ እንግዳ ወርቅም በ1948 ዓ.ም. ገደማ የመሬትንና የግብርን ስሞች የሚዘረዝር መጽሐፍ አውጥተዋል። ርስት በዘር የሚወረስ መብት እንደ ሆነ፥ ጉልት ግን ከመሬቱ የሚወጣውን ግብር የመቀበል መብት እንደ ሆነ፥ ሰሞንና ማደሪያ ከእነዚህ በምን እንደሚለዩ ለሚጠይቅ ተማሪ የሚሆን መልስ በአማርኛ ታትሞ ነበር። ስለ ነገሥታቱም ታሪክ የተክለ ጻድቅ መኩሪያ መጻሕፍት ነበሩ። ችግሩ የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ፥ መጻሕፍቱ የተጻፉት በአማርኛ መሆኑ ነው። ከውጭ የመጣው መምህር ሊያነባቸው አይችልም፤ ተማሪው ደግሞ እነርሱን ማንበብ ለፈተና የሚጠቅመው አይመስለውም። አማርኛ ለብቻው አንድ የትምህርት ዐይነት ሆኖ ስለ ተመደበ፥ በዚያ ክፍል የሚታየው ሰዋስውና ቅኔ እንጂ የገበሬው ግብር አልነበረም።

የዚህም ጉድለት ዋጋ ኋላ ታየ። በ1960 ዓ.ም. ዐሥራት ቀርቶ በእርሻ ሥራ ገቢ ላይ ግብር እንዲከፈል በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ በዚያው ዓመት ለዐመፅ ተነሣ። ከሥጋቶቹ አንዱ የመሬቱ መለካት ርስቱን ያሳጣኛል የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ በጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀምጦ የነበረ ወጣት አባቱ ስለ ምን እንደ ተቈጣ ከቤቱ ያውቃል። ያንን ዕውቀቱን ግን ከታሪክ ወይም ከጂኦግራፊ ደብተሩ ጋር የሚያገናኝለት አልነበረም፤ ቤቱና ክፍሉ እንደ ሁለት ልዩ ልዩ አገሮች ሆነውበት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አማርኛዎቹ መጻሕፍት አንድ ነገር መታከል አለበት። የተጻፉት ከቤተ መንግሥትና ከግምጃ ቤት አቅጣጫ ነው። የደቡቡ ገባር፥ የቦረናው አርብቶ አደር በእነርሱ ውስጥ ቢታይ ግብር ከፋይ ሆኖ ነው እንጂ የራሱ ሥርዐት ያለው ሰው ሆኖ አይደለም። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚተላለፍበት የገዳ ሥርዐት አስመሮም ለገሠ በእንግሊዝኛ በጻፉት መጽሐፍ ለሊቃውንት ዓለም በሰፊው የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ስለ መንግሥት አስተዳደር ለሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገር ውስጥ አይገኝም ነበር። ስለዚህ በሩ ቢከፈትም የሚገባው ዕውቀት ገና ሙሉ አልነበረም፤ የጎደለውን የሚያሟላው ተማሪው ራሱ ነበር።

ይህም ሊሆን የሚችል መሆኑ በሥራ ታይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ በዚያው በ1940ዎቹ ዓመታት በኮሌጁ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተቋቁሞ፥ ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ የነበሩት ስታኒስላው ሆይናትስኪም የአገሩን የእጅ ሥራና ቅርስ ሲሰበስቡ ቈይተው፥ ስብስቡ በ1955 ዓ.ም. ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም መሠረት ሆነ። እነዚህ ወጣቶች የጻፉትን ነገር ኮሌጅ ገብተው የተማሩት አልነበረም፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጡ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ዕውቀቱ በዚያ ሳሉም አብሮአቸው ነበረ፤ በኮሌጁ የተጨመረው የሚጠይቃቸው ሰው ብቻ ነው።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የአፍሪቃ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ የትምህርቱ ይዘት ለአፍሪቃ ኑሮ የተስማማ እንዲሆን መከረ። በ1955 የትምህርት ዘመን ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተመደቡ። የተማሪው ቍጥር በዚህ በጣም ጨመረ፤ የመምህሩና የተማሪው አገር ልዩነት ግን እንደ ነበረ ቀጠለ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው እንዲያገለግሉ ሲደረግ አብዛኞቹ በትምህርት ቤት አስተማሩ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጥተው ነበር። ጥያቄውን ያገኙት ከመማሪያ መጽሐፋቸው እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ወጣት ከኅብረተሰቡ ጋር በአንድ ጊዜ ፊት ለፊት የተገናኘበት ወቅት የለም። የተላኩት ግን ለማስተማር ነው እንጂ ለመማር አይደለም። በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲወጣ ለገበሬው የማስረዳቱ ሥራ በእነርሱ ላይ ወደቀ። ዐዋጁ ገባር በነበረው ደቡብ በእልልታ ሲቀበሉት፥ ባለርስቱ በበዛበት ሰሜን በጥርጣሬ የታየበትን ምክንያት ቀድሞ ያስተማራቸው አልነበረም። አንዳንዱ ዘማች ይህን ልዩነት የተረዳው ሥራው ላይ ከገባ በኋላ ሲሆን፥ ለማንበብ ሁለት ሳምንት የሚበቃው ነገር ብዙ ወራት ወሰደበት።

ከዚያ በኋላ ግብረ ገብ ቀርቶ በቦታው የፖለቲካ ትምህርት ገባ። «ፊውዳል» የሚለው ቃል ለሁሉ ተዳረሰ፤ ነገር ግን ርስትን፥ ጉልትን፥ ሰሞንንና ማደሪያን በአንድ ከረጢት ስለ ከተታቸው፥ ተማሪው ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ዐወቀ ለማለት ያስቸግራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በታችኛው ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን ፈቀደ። ትንሹ ልጅ ስለ መንደሩ በገዛ ቋንቋው መናገር ቻለ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ግን ትምህርቱ እንደ ኮተቤ ዘመን በእንግሊዝኛ ቀጠለ።

ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከታሪክና ከጂኦግራፊ አጠገብ የቆመው የሥነ ዜጋ ትምህርት፥ እንደ ሒሳቡና እንደ ሳይንሱ ሁሉ፥ በሳተላይት ቴሌቪዥን ለመላው አገር በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ጀመር። የአካባቢው ተወላጅ የሆነው መምህር ስርጭቱ እስኪያልቅ ድረስ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ የዕድር ዳኛና የአገር ሽማግሌ ልጆችም ስለ ማኅበር አመራርና ስለ ዕርቅ ከመስኮቱ ያዳምጡ ነበር። ከስርጭቱ በኋላ ለጥያቄ የሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ።