ቁናና ሚዛን በጐጃም ጓዳ

አንባቢዎች ሆይ፤ ሚዛን በሌለበት ቤት ልክ የለም ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው የምዕራብ ጐጃም ባላገር ጓዳ ገብቶ ይመልከት። በዚያ የቤት እመቤቲቱ ጨዉን በቁንጥር፣ ጥራጥሬውን በእፍኝ፣ ለወፍጮ የሚሄደውን እህል በቁና ትሰፍራለች። ወጡም ጨው አይበዛበትም፤ መሶቡም አይጐድልም። ዛሬ የምንነጋገረው ይህ ልክ ከምን እንደ ተነሣ፣ የት እንደሚጸናና የት እንደሚፈርስ ነው።

የመስፈሪያዎች ሁሉ አባት የሰው እጅ ነው። ቁንጥር በጣቶች ጫፍ የሚነሣው ነው፤ ጭብጥ ተጨብጦ የሚያዘው ነው፤ እፍኝ መዳፍ እንደ ጽዋ ተከፍቶ የሚሞላው ነው። ከእጅ ቀጥሎ ዕቃ ይመጣል። ከሣር የተሰፋው ቁና የእህል ዳኛ ሆኖ ኖረ፤ ከቁናም በላይ ዳውላ አለ። ሚዛንም በአገራችን ያልታወቀ አልነበረም፤ ነገር ግን ሥራው ይልቁንም ለወርቅ፣ ለብርና እንደ ቡና ላለው የነጋዴ ሸቀጥ ነበር። 28 ግራም ያህል የሚመዝነው የማርያ ቴሬዛ ብርም እንደ ክብደት ድንጋይ ያገለግል ነበር። እንግዲህ የከበረው ይመዘናል፤ የሚበላው ይሰፈራል ማለት ነው።

የአንዲቱ እጅ ትንሽ፣ የሌላይቱ ትልቅ ሳለ እንዴት ልክ ይሆናል? የሚል ጠያቂ አይጠፋም። መልሱ ጓዳ የሚፈልገው ክብደትን ሳይሆን ምጥጥንን ነው የሚል ነው። ዱቄቱና ውሃው በአንድ ዕቃ ከተሰፈሩ፣ ዕቃው ቢያንስም ቢተልቅም ቡሆው ያው ነው። ከዚህ የሚከብደው ሥራ ግን ዓመቱን መስፈር ነው። ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ የገባው ጤፍና ዳጉሳ እስከሚቀጥለው መከር መድረስ አለበት፤ ለዘር የተቀመጠውም አይነካም። ለሳምንት ስንት ቁና እንደሚፈጭ የምታውቅ እመቤት በነሐሴ ልጆቿን ከረኃብ ታድናለች። ቁናዋን በየጊዜው የምትለዋውጥ ግን ጎተራዋ መቼ ባዶ እንደሚሆን አታውቅም።

ልኩ የሚፈርሰው ከደጃፍ ሲወጣ ነው። የቁና መጠን ከአገር አገር ይለያይ ነበር፤ ተጠርጎ የተሰፈረውና ተከምሮ የተሰፈረውም አንድ አይደለም። በክረምት በትንሹ ቁና ያበደረ ሰው በመከር በትልቁ ቢቀበል፣ ወለድ ሳይጠራ ወለድ በላ ማለት ነው። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረትም እንዲህ ያለውን ሰው ያስጠነቅቃል። ግብር ሲመጣም ነገሩ ያው ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬዎች ያመፁበት አንዱ ምክንያት፣ ምርታችን በሌላ ሰው ዓይን ይገመታል፣ ርስታችንም በሌላ ሰው ገመድ ይለካል የሚል ሥጋት ነበር። ጠባቸው ከልክ ጋር ሳይሆን ልኩን ከያዘው እጅ ጋር ነበር።

ለደጅ ጉዳይ መድኃኒቱ የጋራ ልክ ነው። ኢትዮጵያም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የሜትሩን ሥርዓት በአዋጅ ተቀበለች። ነገር ግን ኪሎው ራሱ የተወለደው ከስፍር ነው፤ ፈረንሳውያን በ1795 ግራምን የደነገጉት በውሃ ስፍር ስለ ሆነ፣ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የሊትር ጠርሙስ ያለው ሰው ሚዛን አለው። ቀጥ ያለውን እንጨት ከመካከሉ አንጠልጥሉ፤ በአንዱ ጫፍ ውሃ የሞላውን የሊትር ላስቲክ ጠርሙስ፣ በሌላው ዱቄት የያዘውን ቀጭን ከረጢት ስቀሉ። እንጨቱ ሲስተካከል ዱቄቱ 1 ኪሎ ያህል ነው። ያንን በቤታችሁ ሲኒ ብትሰፍሩት፣ 1000 ግራሙን በሲኒው ቁጥር አካፍላችሁ የአንዱን ሲኒ ክብደት ታገኛላችሁ። ሲኒው ሁልጊዜ ተጠርጎ ይሰፈር፤ ዱቄትና ፍሬ ክብደታቸው ስለሚለያይ ለየብቻ ይለኩ።

ይህ የጓዳ ልክ ነፍስ የሚያድንበትም ጊዜ አለ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ከጤና ኬላ የሚሰጠው እሽግ ከሌለ፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የተጠረገ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠጣት ይገባል፤ ወዲያውም ወደ ጤና ኬላ መውሰድ ነው። ጨው ከበዛ ስለሚጐዳ ማንኪያው አይከመር። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 በአውሮፓ አቆጣጠር ከ10 ሚሊዮን በላይ በሆኑ ቤቶች እናቶችን ይህን ጥበብ ያስተማረው ያለ ሚዛን ነበር፤ ጨዉ በሦስት ጣት ቁንጥር፣ ጥሬ ስኳሩ በጭብጥ። እናቶቹ ከበጠበጡትም ናሙና እየተወሰደ ይመረመር ነበር።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ የእናቶቻችንን መስፈሪያ ሚዛን ስለ መጣ አንናቀው፤ ሚዛኑንም ቁና አለን ብለን አንግፋው። ለጓዳችሁ አንድ ዕቃ ምረጡና አትለውጡት፤ ለሴት ልጃችሁም ለወንድ ልጃችሁም አስተምሩት። ከደጃፍ ስትወጡ ግን ለምትሸጡለትና ለምታበድሩት ሰው ሁለታችሁም በምታምኑበት ልክ ስፈሩ።