ከመጅሊሱ፣ ከማሳው፣ ከኪታቡ፦ ለውርጌሳና ለሀብሩ አንባቢያን

ስለ መጅሊስ ለሚሰሙ ዜናዎች መነሻው አዋጅ ቁጥር 1207/2012 ነው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «እንታወቅ» መሆኑ ቀርቶ «ማን ይምራን፣ እንዴትስ ይመረጥ» ሆኗል።

ለገበሬያችን ግን ከዚህም የሚቀርበው የአቀንጭራ ነገር ነው። ሐምራዊ አበባው ብቅ ሲል ጉዳቱን አድርሷል፤ ከአፈር በታች ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውሃውንና ምግቡን ሲመጥ ከርሟል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል፤ የሚበቅለውም የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲቀሰቅሰው ነው። የአገራችን ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ይህን ቀስቃሽ በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጭ ማሽላ በማዳቀል ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በቅርባችን፣ ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲኬድ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ማሽላ ዋና ሥራው ነው። ስለዚህ ዘር ስትወስዱ «አቀንጭራን ይቋቋማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘር ብቻውን ግን አይበቃም፤ አረሙን ዘር ሳይቋጥር መንቀል፣ ማሳውንም ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ ያስፈልጋል።

ወደ ባህሉ ስንመጣ፣ የጁ የዳና አገር ነው። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በአጀሚ፣ እየጻፉ መንዙማ አቆይተውልናል። ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ዛሬም በየቤቱ ናቸው፤ ምስጥና ጭስ ይጫወትባቸዋል፣ ገዢም ይዞርባቸዋል። አባት ያቆየው ኪታብ ያላችሁ ሳትሸጡ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፦ ከሽፋኑ ጀምሮ፣ ቅጠል በቅጠል፣ በቀን ብርሃን። የጸሐፊውን፣ የባለቤቱንና የመንደሩን ስም አብራችሁ መዝግቡ።