በጋራ ወስኖ ለብቻ ማፈንገጥ

ከአሰቦት በሚኤሶ በኩል ሽቅብ ሲወጡ ጭሮ ትገኛለች፤ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ። የቆረቆሯት የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እኚሁ ሩሲያ የተማሩ ሰው ናቸው። «ካቢኔው የወሰነውን አልፈጽምም ያለን ሚኒስትር ማን ይጠይቀዋል?» ለሚል ሰው ታሪኩ ከእሳቸው ብዕር ይጀምራል።

በዚያ ሰነድ ጥያቄው ራሱ የለም። ሚኒስትሩ ስለ መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን ጽፎ ለንጉሠ ነገሥቱ ያቀርባል፤ ሚኒስትሮች ተሰብስበው የሚመክሩት ንጉሡ ምክር ሲሹ ነው። የጋራ ውሳኔ ከሌለ ምኑ ይጣሳል? በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ቢኖረውም እያንዳንዱን ሚኒስትር በግል ተጠያቂ ያደረገው ለንጉሠ ነገሥቱና ለመንግሥቱ ነበር። ታዲያ በስብሰባ የተረታ ሚኒስትር ቤተ መንግሥት ደጅ ቢጠና ማን ይፈርድበታል? በ1958 ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሚኒስትሮቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ተፈቀደ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ በር ግን አልተዘጋም።

የካቲት 1966 የአክሊሉ ካቢኔ በአንድነት ሥልጣን ለቀቀ። ህዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት፣ መርማሪ ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ አክሊሉን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ማን ወሰነ፣ ማን ተቃወመ፣ ማን ውሳኔውን አሰናከለ የሚለው ሳይለይ። የጋራ ተጠያቂነት እኛ አገር በግልጽ የታየው በጥይት መሆኑን ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 72 የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በአንድነት ለወሰኑት የጋራ ኃላፊነት አለባቸው ይላል። በአንቀጽ 76 ደግሞ ምክር ቤቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ በውሳኔዎቹም ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ነው። በስብሰባ እጁን አውጥቶ ቢሮው ሲመለስ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ስለሚቆልፈው ሚኒስትር ግን ለይቶ የተናገረው የለም። የእሱ ነገር በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፈቃድ ላይ ወድቋል።

እንግሊዞች ዘንድ ያልተስማማ ሚኒስትር ወንበሩን ይለቃል። ሮቢን ኩክ በመጋቢት 1995 የኢራቅን ጦርነት በመቃወም ለቀቀ፤ ምክንያቱንም በፓርላማ ቆሞ አስረዳ። እኛ ዘንድ ተሿሚ ሲነሳ ደብዳቤው «ለአገልግሎትዎ እናመሰግናለን» ይላል፤ አፈንግጦ ይሁን ደክሞት አናውቅም።

አንቀጽ 55 ግን ተወካዮቹ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትንም ጠርተው እንዲጠይቁ ሥልጣን ሰጥቷል። የአሰቦት ሰው የመረጠው ተወካይ ተነስቶ «ክቡር ሚኒስትር፣ ምክር ቤቱ የወሰነው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ለምን ቆመ?» ቢል የሚከለክለው ሕግ የለም።