የወረርሽኝ ዘመን ማዕድ፦ ከኅዳር በሽታ እስከ ኮቪድ-19

መግቢያ

የወረርሽኝ ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚወሳው የሟቾች ቁጥር፣ የሐኪሞች ድካምና የመንግሥት እርምጃ ነው። በየቤቱ ጓዳ ስለ ሆነው ነገር የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እንደ ጉንፋን ላሉ የቫይረስ በሽታዎች ፍቱን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የበሽተኛው ዋነኛ ሕክምና ውኃ፣ ምግብና ዕረፍት ነበር። እነዚህ ደግሞ የሚገኙት ከቤት ነው። ይህ ጽሑፍ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ማዕድ በሁለት ወረርሽኞች ወቅት፣ ማለትም በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታና በ2012 ዓ.ም. በገባው ኮቪድ-19፣ ምን እንደ ገጠመው ይመለከታል። ከሁለቱ የምንረዳው በወረርሽኝ ጊዜ የቤተሰብን አመጋገብ የሚወስነው በቤት ያለው እህል ብቻ ሳይሆን፣ እህሉን ምግብ አድርጎ ለበሽተኛው የሚያቀርበው እጅ ጭምር መሆኑን ነው።

ጓዳው በአንድ ጊዜ ሲዘጋ

በዓለም ላይ የእስፓኝ ጉንፋን የተባለው ወረርሽኝ በአገራችን የኅዳር በሽታ ተብሎ ይታወቃል። አዲስ አበባን ክፉኛ የመታው በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1918) ነበር። በጊዜው አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጠና ታመው ተርፈዋል። በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ከ10,000 በላይ ሰው መሞቱን ጽፈዋል። በዘመኑ የሕዝብ ቆጠራም ሆነ የሞት ምዝገባ ስላልነበረ ይህ ቁጥር እንደ ግምት የሚወሰድ ነው። በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በዘመኑ የነበረውን የቤት ሥራ እናስታውስ። የቧንቧ ውኃ ለተራው ነዋሪ አልደረሰም፤ ውኃ ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ ይቀዳል። እህል በአብዛኛው የሚፈጨው በቤት ውስጥ፣ በድንጋይ ወፍጮ ላይ በሴቶች ጉልበት ነው። እንጀራ ለመጋገር ሊጡ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን መቆየት አለበት፤ ከዚያም አብሲት ተጥሎ፣ እንጨት ተለቅሞ፣ ምጣድ ተጥዶ ይጋገራል። ወጡም እንዲሁ ቀደም ብሎ የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ የእንጀራ ማዕድ የበርካታ ቀናት ሥራና የብዙ እጆች ውጤት ነበር።

የኅዳር በሽታ የመታው ይህንን ሰንሰለት ነው። ወረርሽኙ በዓለም ዙሪያ ከሌሎች የጉንፋን ወረርሽኞች የሚለይበት አንዱ ጠባይ ሕፃናትንና አረጋውያንን ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት የሚገኙትን ጎልማሶች በብዛት መግደሉ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚፈጩት፣ የሚቀዱት፣ የሚጋግሩትና የሚያስታምሙት በአብዛኛው በዚህ ዕድሜ ያሉት ናቸው። በዚያ ላይ በሽታው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤተሰቡን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያስተኛ ስለ ነበር፣ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚያስታምምበት የተለመደው ሥርዓት ፈረሰ። ጎረቤትም ታሞ ተኝቷል። የሚያቀብላቸው ሰው በማጣት በርሃብና በውኃ ጥም የተጎዱ ሕሙማን እንደ ነበሩ በዘመኑ ታሪክ ይወሳል።

ኅዳር አዝመራ መሰብሰብ የሚጀመርበት ወር መሆኑን ልብ ይሏል። በጎተራ ያለ ጤፍ ግን የሚፈጨው፣ የሚያቦካውና የሚጋግረው ሰው ሲተኛ ለበሽተኛ ምግብ ሊሆን አልቻለም። ወሩ የነቢያት ጾም የሚገባበትም ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሽተኛ ከጾም ነፃ ቢሆንም፣ ታሞም ቢሆን ጾሙን መፍታት የማይሻ ብዙ ሰው መኖሩን በዛሬው ሥራችንም የምናየው ነው።

ይህን ከሕክምና አንፃር ስንመለከተው ጉዳቱ ግልጽ ነው። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል በ10 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል፤ በላብና በትንፋሽ የሚወጣው ውኃም ይበዛል። በዚያው ጊዜ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ተነሥቶ ውኃ መጠጣት ላቃተው በሽተኛ ከትራሱ አጠገብ የሚገኝ አንድ ጣሳ ውኃ ወይም አንድ ኩባያ አጥሚት ቀላል ነገር አልነበረም።

የወረርሽኙ መታሰቢያ ሆኖ የቀረው ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ፣ ማለትም ኅዳር ሲታጠን ነው። ሕዝቡ ከዚያ መከራ ይዞት የቀረው ትምህርት የደጁን ጽዳት የሚመለከት ሆነ። የጓዳው ትምህርት ግን በልማድ ተቀርጾ አልቀረም።

ማዕዱ ሲለያይ

ከ101 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 በሽተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። በዚያው ሰሞን የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ገበያ ደራ፤ ዋጋቸውም ናረ። አቅም ያለው ጤፍ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሩዝና መኮሮኒ ገዝቶ አከማቸ። ጥሬ አትክልት መብላት በሽታውን ያስይዛል የሚል ፍርሃትም ተሰራጨ፤ ለዚህ ግን ማስረጃ አልነበረም። በሚያዝያ ወር በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ መጨናነቅን ለመቀነስ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ።

ይሁን እንጂ የከተማው ጓዳ እንደ 1911ዱ አልተዘጋም። በከተማዋ ወደ 600 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ከወረርሽኙ በፊት በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከዚያም በ2012 ዓ.ም. ክረምት በስልክ የጠየቀ ጥናት፣ ብዙዎቹ ገቢያችን ቀነሰ ቢሉም የሚመገቡት ምግብ መጠንና ዓይነት በአማካይ ያን ያህል አለመቀነሱን አሳይቷል። ወፍጮ ቤቱ ይፈጫል፤ ጉልቱም በአብዛኛው አልተዘጋም፤ በሽታውም ከወጣቱ ይልቅ አረጋውያንን አጠቃ። በአማካይ የሚገለጽ ውጤት ግን የዕለት ገቢያቸው የተቋረጠባቸውን ቤቶች ችግር ሊሸፍን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

በዚህኛው ወረርሽኝ ይበልጥ የተነካው አብሮ መብላት ነው። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። ከአንድ ትሪ መብላት፣ መጎራረስ፣ ጎረቤት ጠርቶ ቡና መጠጣት ለጥንቃቄ ሲባል እንዲቀሩ ተመከረ። የፋሲካ ማዕድ እንግዳ አጣ። ወደ ኀዘን ቤት ምግብ ይዞ መሄድና ከኀዘንተኛ ጋር መቀመጥ አስቸጋሪ ሆነ። እነዚህ ልማዶች የወግ ጉዳይ ብቻ ተደርገው መታየት የለባቸውም። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ ኀዘንተኞችና ችግረኞች የሚመገቡት በእነዚሁ ነው። ልማዱ ሲቋረጥ፣ በሌላ መንገድ ካልተተካ፣ የሚጎዳው ማዕዱ በጎረቤት ላይ የተመሠረተው ሰው ነው። በወቅቱ ማዕድ ማጋራት በሚል ስያሜ የምግብ ድጋፍ የተሰበሰበውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር።

ለጤና ባለሙያው

በሁለተኛው ወረርሽኝ ቀለል ያለ ሕመም ያላቸው ሕሙማን በቤታቸው ተለይተው እንዲታከሙ ተደርጓል። ወደፊትም እንዲሁ ይሆናል። ይህ አሠራር በሽተኛውን ለቤተሰቡ ጓዳ አደራ መስጠት ማለት ነው። ስለዚህ ምክር ከመስጠት አስቀድሞ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። በቤቱ ምግብ የምትሠራው ማን ናት? እርሷ ብትታመም የሚተካት ማን ነው? ውኃ የሚቀዳውስ? በሽተኛዋ ራሷ ምግብ ሠሪ ከሆነች «ተለይተሽ ዕረፊ» የሚለው ትእዛዝ ሌላ እጅ ካልተገኘ አይፈጸምም።

ሁለተኛው ነገር ስንቅ ነው። አባቶቻችን ለዘመቻና ለመንገድ ያዘጋጇቸው የነበሩት በሶና ድርቆሽ ያለ ብዙ ድካም የሚቀርቡ ናቸው፤ በሶ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ለደከመ በሽተኛ ሊሰጥ ይችላል። የአጥሚት ዱቄትም እንዲሁ አስቀድሞ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከተቀመጠ አንድ ሕፃን ያልሆነ ማንኛውም የቤተሰብ አባል በቶሎ ሊያፈላው ይችላል። የወረርሽኝ ወሬ ሲሰማ ቤተሰቡ ነጭ ሽንኩርት ከመሻማት ይልቅ እነዚህን ቢያዘጋጅ ይጠቀማል።

ሦስተኛ፣ አብሮ መብላት እንዲቀር ስንመክር ምትኩን አብረን ማመልከት ይገባናል። ጎረቤት የሠራውን ምግብ በተከደነ ዕቃ በበሽተኛው ደጅ አስቀምጦ እንዲመለስ፣ እድሩም ተራ አውጥቶ እንዲያደርስ ማድረግ ይቻላል። ጾመኛ በሽተኛ ሲያጋጥምም ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር ከክርክር ይልቅ ፍሬ አለው። በ1911 ዓ.ም. በየቤቱ ተኝተው ከነበሩት መካከል በሽታው ሳይሆን የሚያቀብላቸው ማጣት የጎዳቸውን ዛሬ ለይተን መቁጠር አንችልም። በሚቀጥለው ወረርሽኝ ግን በየቀበሌው ማን ብቻውን እንደ ተኛ አስቀድሞ መዝግቦ ማወቅ የእኛ ሥራ ነው።