«ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ»
ምሳ የት እንብላ ብለን ስንጨቃጨቅ እጃችን ወደ ስልክ ይሄዳል። ልማዱ ግን ገና ልጅ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ሰፈሮቿ የተጠሩት በመኳንንቱ፣ በሠራተኛውና በታቦቱ ነው። አቅጣጫም የሚነገረን «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ» እየተባለ ነበር። ጣይቱ ሆቴልን ለማግኘት ፒያሳ ደርሶ አንድ ሰው መጠየቅ ይበቃል።

ከዚያ ካርታዎቹ መጡ፦ ኦፕን ስትሪት ማፕ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ጉግል ማፕስ በ2005፣ የአፕል ደግሞ በ2012። ጉግል ላይ ባለቤቱ ቤቱን ያስመዘግባል፤ ተመጋቢው ፎቶና አስተያየት ይጨምራል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚል ሰው እሱ ይቀድማል። ኦፕን ስትሪት ማፕን እንደ ዊኪፔዲያ በጎ ፈቃደኞች ይሞሉታል፤ ኮከብም ሐሜትም የለበትም። በእሱ መረጃ የሚሠራው ኦርጋኒክ ማፕስ ግን ካርታው አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይመራል። ኔትወርክ ሲጠፋ ጥቅሙ ይገባናል።

ችግሩ፣ ከተማዋ ከካርታው ትፈጥናለች። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ። ከዚያ በኋላ አንዱ ካርታ ወደምንወደው ቁርስ ቤት መርቶን ቆርቆሮ አጥር ፊት አቆመን። ቤቱ ወዴት እንደሄደ የነገረን አንድ ሊስትሮ ነው። ስልኩ የማያውቀውን እሱ ያውቅ ነበር።

እና ወገን፣ ኮከብ መስጠት ብቻ አይበቃም። የተዘጋውን «ተዘግቷል»፣ የተዛወረውን «እዚህ ነው» እንበል። የሰፈሩንም የድሮ ስም እንጻፍ። ሊስትሮውም ከሰፈሩ ሲነሳ ማንን እንጠይቃለን?